ፀሐይ፣ ምች እና የሳንባ ምች

የሰው ልጅ ቫይታሚን ዲን በአብዛኛው የሚያገኘው ከማዕድ ሳይሆን ከፀሐይ ሲሆን፣ አልትራቫዮሌት ቢ የተባለው ጨረር በቆዳ ውስጥ የሚፈጥረውን ንጥረ ነገር ጉበትና ኩላሊት በየተራ ለውጠው ለሰውነት የሚያገለግል ሆርሞን ያደርጉታል። የዚህ ሆርሞን ዋነኛ ሥራ ካልሲየም ከአንጀት ወደ ደም እንዲገባና አጥንት እንዲጠነክር ማድረግ ቢሆንም፣ በሽታን የሚከላከሉት ነጭ የደም ሴሎችም በእርሱ እየታገዙ ካቴሊሲዲን የተባለውን ተሕዋስያን ገዳይ ንጥረ ነገር ያመርታሉ።

ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባው የኢትዮ-ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል አካሂደው እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ያሳተሙት ጥናት፣ ሪኬትስ፣ ማለትም በቫይታሚን ዲ ወይም በካልሲየም እጥረት የሕፃናት አጥንት የሚልፈሰፈስበት በሽታ፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 500 ሕፃናት በ210ሩ፣ ካልያዛቸው 500 ደግሞ በ20ዎቹ ብቻ እንደተገኘ አሳይቷል። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰና ጡንቻው የደከመ ሕፃን በጥልቀት መተንፈስም ሆነ አክታውን በሳል ማስወጣት ስለሚቸገር፣ ቫይረስም ይሁን ባክቴሪያ ያመጣው የሳንባ ሕመም ይጸናበታል። የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ በምትባል አገር ይህ መሆኑ የሚያስገርም ቢመስልም፣ የጡት ወተት የሚይዘው ቫይታሚን ዲ እጅግ ጥቂት በመሆኑ፣ ምች እንዳይመታው ወይም የሰው ዓይን እንዳያርፍበት ተጠቅልሎ ቤት የሚውል ጨቅላ ከሁለቱም ምንጮች ይጎድልበታል፤ በፍቅር የተደረገ ጥንቃቄ ልጁን ከአንዱ ምች ሰውሮ ለሳንባው ምች አሳልፎ መስጠቱ እጅግ ያሳዝናል።

በኮቪድ-19 ዘመን በጽኑ በታመሙ ሰዎች ደም ውስጥ የቫይታሚኑ መጠን ዝቅ ብሎ መገኘቱ ብዙዎችን ወደ መድኃኒት ቤት አጣድፏል፤ ይሁን እንጂ እርጅናና ከልክ ያለፈ ውፍረት ኮቪድን እንደሚያጸኑ ሁሉ የቫይታሚኑንም መጠን ስለሚቀንሱ፣ ሁለቱ አብረው መታየታቸው ብቻ አንዱ የሌላው መንስኤ ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። በብራዚል በሆስፒታል በተኙ 240 የኮቪድ ሕሙማን ላይ በተደረገ ሙከራ፣ 200,000 ዩኒት በአንድ ጊዜ የወሰዱት ካልወሰዱት ቀድመው አልወጡም። እ.ኤ.አ. በ2017 የ25 ሙከራዎችን ውጤት ያጣመረ ጥናት በየቀኑ ወይም በየሳምንቱ በጥቂቱ መውሰድ ከመተንፈሻ አካል ሕመም በመጠኑ እንደሚከላከል፣ ጥቅሙም የጎላው እጥረታቸው ከባድ በሆነ ሰዎች ላይ መሆኑን ቢያመለክትም፣ በኋላ ሌሎች ሙከራዎች ሲጨመሩ አጠቃላይ ውጤቱ እየሳሳ ሄዷል። ስለዚህ እጥረት የሌለበት ሰው በገፍ ቢወስደው ደሙ ውስጥ ካልሲየም ከመጠን በላይ ተከማችቶ ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል እንጂ የሚያተርፈው ነገር እምብዛም ነው፤ የጎደለበት ሕፃን ግን ሳይታመም በፊት ሊደረስለት ይገባል።

ለምሳሌ ክረምቱ ረጅም በሆነባት ስዊድን ሕፃናት ሁሉ እስከ ሁለት ዓመታቸው በየቀኑ 10 ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ በጠብታ እንዲወስዱ የሚመከር ሲሆን፣ ጥቁር ቆዳ ጨረሩን በከፊል ስለሚያግድ፣ እዚያ የሚያድጉት የኢትዮጵያውያን ልጆች ከዚያም በኋላ መቀጠል ሊያስፈልጋቸው ይችላል።