ኤቲኤሙ ብሩን ሳይሰጠን ለምን ቀነሰብን?

እስቲ እንዲህ አስቡ። እናትና ልጅ በጋራ የሚያንቀሳቅሱት ሂሳብ ላይ 1000 ብር አለ። እናት ኩየራ ሆነው በስልካቸው 800 ብር ይልካሉ፤ በዚያችው ቅጽበት ልጅ አዳማ ላይ ከኤቲኤም 800 ብር ያወጣል። ሁለቱም ፕሮግራሞች ቀሪውን ያነባሉ፤ 1000። ሁለቱም «ይበቃል» ብለው 200 ይጽፋሉ። 1600 ብር ወጥቶ 200 ብር ተረፈ ማለት ነው!

ይህ እንዳይሆን ዳታቤዙ የዚያን ሂሳብ መዝገብ ይቆልፋል። ቀድሞ የደረሰው ይይዘዋል፣ ሌላው ይጠብቃል። የያዘው ሥራውን ሲጨርስ «ኮሚት» ይላል፤ ለውጡ ይጸናል፣ ቁልፉም ይለቀቃል። መሃል ላይ መብራት ቢጠፋስ? (እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም።) ኮሚት ያልተባለው ሁሉ ይሰረዛል፤ ከእናት ተቀንሶ ለተቀባዩ ሳይደርስ የሚቀር ብር የለም። ለዚህ አሠራር መሠረት ከጣሉት አንዱ ጂም ግሬይ ሲሆን በ1998 እ.ኤ.አ. የቱሪንግ ሽልማት አግኝቶበታል።

ችግሩ የሚመጣው ሰው መሃል ሲገባ ነው። የብድር ማመልከቻ ከሠራተኛ ወደ ኃላፊ የሚያሳልፍ ሶፍትዌር ውሰዱ። ሠራተኛዋ ፋይሉን ስትከፍት ቢቆለፍና ቡና ልትጠጣ ብትወጣ፣ ሌላው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃታል። ተማሪ ሳለሁ እኔም እንዲህ ያለ ነገር ሠርቻለሁ፤ አሳፋሪ ነበር። የሚሻለው መዝገቡ ላይ የእትም ቁጥር ማኖር ነው። ስትከፍተው 7 ከነበረ፣ ስታስቀምጥም 7 ከሆነ ይጸናል፣ ቁጥሩም 8 ይሆናል። ካልሆነ «ሌላ ሰው ቀይሮታል፣ እንደገና እዪው» ይላታል። ቁልፉ የሚያዘው ለማስቀመጫዋ ቅጽበት ብቻ ነው።

ከማሽኑ የወጣን ጥሬ ገንዘብ ግን ዳታቤዝ መልሶ አያስገባውም። ከመጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተዛብቶ ደንበኞች ከሂሳባቸው በላይ ሲያወጡ አድረዋል። ባንኩ ወደ 801 ሚሊዮን ብር መውጣቱን ገልጿል። ማስመለሱ የሰው ሥራ ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን «መልሱ» አሉ፣ ባንኩም ያልመለሱትን ስም አወጣ።

ስለዚህ ኤቲኤም በተለምዶ መጀመሪያ ከሂሳባችሁ ይቀንሳል፣ ከዚያ ብሩን ይቆጥራል። ብሩ ማሽኑ ውስጥ ቢቀረቀር የመመለሻ መልእክት ይላካል። አንዳንዴ ቀሪያችሁ ቀንሶ፣ ብሩ ሳይወጣ፣ ቆይቶ የሚመለሰው ለዚህ ነው።