ይማም ስንት ትውልድ ይኖራል?

ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ተራ እየጠበቅሁ ነበር። ከፊቴ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ቆመዋል። የኮምፒውተሩ ልጅ ከባሕር ማዶ የመጣ ደብዳቤ እያነበበ በአማርኛ ይነግራቸዋል። ወንድ ልጃቸው አሜሪካ ነው፤ ሊያስመጣቸው አመልክቶላቸዋል። ደብዳቤው አባትና ልጅ ከሆናችሁ የቤተሰብ ስማችሁ ለምን ተለያየ ይላል።

«የቤተሰብ ስም ማለት የማን ስም ነው?» አሉ ሽማግሌው።

«የአያት ነው፣ አባባ።»

«የኔ አያት ወይስ የልጄ አያት?»

ልጁ መልስ አጣ። እኔም አጣሁ። ያቺ ጥያቄ ናት ለወራት አላስቀምጥ ብላ ይህን ያስጻፈችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሽማግሌው አባት ይማም፣ አያታቸው እንድሪስ ናቸው። በፓስፖርታችን ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የሚገባው የአያት ስም ስለሆነ እሳቸው «እንድሪስ» ሆነዋል። የልጃቸው አያት ግን ይማም ናቸው፤ እሱ ደግሞ «ይማም» ሆኗል። የይማም ልጅ በወረቀት ይማም አይደሉም፤ የይማም የልጅ ልጅ ግን ነው። የውጭው ሠራተኛ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ የሚያየው ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎችን ነው።

ውጭ ወጥተን ቡና ስንጠጣ ሽማግሌው እንዲህ አሉኝ፦ «በኛ አገር ስም ይወርዳል እንጂ ተተክሎ አይቆምም። እኔን ለመጥራት አባቴን ትጠራለህ። ልጄን ለመጥራት እኔን ትጠራለህ። ሟች እያረፈ ቋሚ ይጠራል። ይኼ ምኑ ያስቸግራል?»

እኚህ ሰው ክርስቲያን ናቸው። «እናቴ በአርባ ቀኔ አስጠመቀችኝ። ከአራት ወንድማማቾች ሁለቱ ይሰግዳሉ፣ ሁለታችን እናስቀድሳለን። በሰርግ ሁለት በሬ ይታረዳል፤ የሚጨፈረው ግን አንድ ላይ ነው። አባቴ ይማም የሁላችንም ይማም ነው» አሉ። ወሎን ለሚያውቅ ይህ አዲስ አይደለም። ስሙን ግን ቆም ብዬ ያሰብኩበት ያን ቀን ነው።

ይማም ከዐረብኛው «ኢማም» የመጣ ነው፤ ከፊት የሚቆም፣ ሶላት የሚመራ ማለት ነው። የወሎ አንደበት ኢድሪስን «እንድሪስ» እንዳለው ሁሉ ኢማምንም «ይማም» ብሎ የራሱ አድርጎታል። ነገር ግን ኢማም በዚህ ምድር የመስጊድ ማዕረግ ብቻ አልነበረም። እዚሁ ወሎ ወረሂመኖን ይገዙ የነበሩት፣ መመዶች የተባሉት ባላባቶች የሚጠሩት በዚሁ ማዕረግ ነበር። ስለዚህ ለልጁ ይማም ብሎ ስም ያወጣ አባት ጸሎትንም ሥልጣንንም ባንድ ቃል ተመኝቶለታል ብዬ አስባለሁ። ዛሬ ከደሴ ወልዲያ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ የተማሪ ስም ሲጠራ ይማም ከፊት ባይገኝ ከኋላ ይገኛል። «የአማርኛ ሰዋስው»ን የጻፉልን ፕሮፌሰር ባዬ የአባታቸው ስም ይማም ነው። የቋንቋችን ሕግ የተማርንበት መጽሐፍ ሽፋን ላይ ይህ ስም ሰፍሮ ይገኛል።

የሃይማኖት ማዕረግ የሰው ስም፣ የሰው ስም ደግሞ የቤተሰብ ስም የሆነበትን አገር ስፈልግ አየርላንድ ደረስኩ። በአይሪሾች ስም ፊት ያለችው «ኦ» የልጅ ልጅ ማለት ናት፤ «ማክ» ደግሞ ልጅ። እነሱም በጥንት ዘመን እንደኛው በአባትና በአያት ይጠሩ ነበር። ከዚያ ስሙ ባንድ ቅድመ አያት ላይ ረግቶ ቀረ። ከሁሉ ቀድመው ከረጉት አንዱ ኦ ክሌሪ ነው፤ በ916 እ.ኤ.አ. የሞተ አንድ ባላባት በዚህ ስም ተመዝግቦ ይገኛል። ክሌሪ ማለት የቤተ ክርስቲያን ሰው፣ ካህን፣ ጸሐፊ ማለት ነው። እንደ ይማም ማዕረግ ነበር፤ ስም ሆነ፤ ከዚያም የልጅ ልጁ ሁሉ ክሌሪ ተባለ፣ ካህን ይሁን ገበሬ። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ብዙ አይሪሾች «ኦ»ዋን ጣሉ፤ ከክሌሪዎችም ክላርክ ተብለው የቀሩ አሉ። የገዢው ጸሐፊ ስማቸውን በሚቀለው መንገድ ጻፈው፤ እነሱም ተቀበሉት። ከዚሁ ቤተሰብ የተወለደው መነኩሴ ሚካኤል ኦ ክሌሪ ከ1632 እስከ 1636 እ.ኤ.አ. ከባልደረቦቹ ጋር የአገሩን ዜና መዋዕል አሰባስቦ ጻፈ። የነገሥታቱና የቤተሰቦቹ ስም እንዳይጠፋ።

ይህን ሳነብ ዓይኔ ላይ የመጣው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞአ ገዳሙን የትምህርት ማዕከል አድርገው መጻሕፍት ያስጽፉ ነበር፤ ያስጻፉት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። የእሳቸው ስም ራሱ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ኢየሱስ አሸነፈ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስም ለልጅ ልጅ የሚወረስ ሳይሆን አንድ ሰው በሕይወቱ የሚሸከመው ነው። በዚያ ሐይቅ ዳር የኢየሱስ ሞአም የይማምም ልጆች ከአንድ ውኃ ቀድተዋል።

ወሎ ስም በአዋጅ የተለወጠበትም አገር ነው። በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ከተደረገው የሃይማኖት ጉባኤ በኋላ የወረሂመኖው ኢማም አሊ ልጅ መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ኋላ ንጉሥ ሚካኤል። ልጃቸው ወይዘሮ ስሂን የአምባሰሉን ጃንጥራር አስፋውን አግብተው እቴጌ መነንን ወለዱ። ጃንጥራር የአምባሰል ገዢዎች ማዕረግ ነው፤ ለቤተሰብ ስም ከሁሉ የቀረበው ይኸው ሳይሆን አይቀርም፤ ከአንድ ዘር አይወጣምና። ሆኖም «መነን አስፋው» የሚለው ስም ውስጥ ጃንጥራርም የለም፣ ሚካኤልም የለም፣ ቅድመ አያት ኢማም አሊም የሉም። የእናት ወገን ደግሞ በስማችን ውስጥ ቦታ የለውም ማለት ይቻላል፤ ይህን ያነሳልኝ ሰው አላጋጠመኝም፣ እኔ ግን ያሳዝነኛል።

ሕጉስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 32 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ የቤተ ዘመድ ስም ሰጥቶት ነበር። ልጅ የአባቱን የቤተ ዘመድ ስም ይወርሳል ይላል፤ ያገባች ሴት የራሷን ትይዛለች ይላል። ስሙን የሚጽፈው የክብር መዝገብ ግን ለአሥርት ዓመታት አልተከፈተም። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲጀመር የተመዘገበው የለመድነው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ብሔራዊ መታወቂያው ፋይዳም ተከተለው። ሕዝቡ በልማዱ ጸና፤ ሕጉም ከመጽሐፍ አልወረደም። በዚህ መካከል የአያት ስም ማንም በጉባኤ ሳይወስን የቤተሰብ ስም ሆኖ ከአገር ወጣ።

እንዲህ ሲሆን ለውጭ መሥሪያ ቤቶች የሚያስረዳ አንድ ገጽ ማብራሪያ ለተጓዥ ለምን አይሰጥም ብዬ አንድ ኃላፊ ጠየቅሁ። ደብዳቤ አምጣ አሉኝ፤ አመጣሁ። ከዚያ ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ በሦስተኛው ሳምንት ስልካቸውን ማንሳት ተዉ።

ዕዳው ግን የሚከፈለው ታች ነው። ከሐይቅና ከአምባሰል ገጠር ወደ ዐረብ አገር የሄዱ ክርስቲያን ልጆች በደላላ ምክር በሙስሊም ስም ፓስፖርት አውጥተዋል። ደመወዝ ሲቀር፣ ሰው ሲታሰር፣ አስከሬን ሲመጣ በወረቀቱ ላይ ያለውን ስም እናት አታውቀውም።

በሁለተኛው ጉዞዬ ሽማግሌውን እዚያው ፎቶ ኮፒ ቤት አገኘኋቸው። መልስ ሊጽፉ መጥተዋል። አሜሪካ ሁለት የልጅ ልጆች ተወልደውላቸዋል፤ ሁለቱም «ይማም» ናቸው፤ ልጆቻቸውም ይማም ይባላሉ። «እዚህ ቢሆን አባቴ ከልጄ አያልፍም ነበር» አሉኝ፤ ደስ ብሏቸው ይሁን ከፍቷቸው አልለየሁም። «እዚያ ግን የማያውቁት ልጆች ሲሸከሙት ይኖራሉ። እኔን ነው የዘለሉኝ።»

ከዚያ የሚልኩትን የመልስ ቅጽ ገለበጡና ጻፍልኝ አሉኝ። ከራሳቸው ጀምረው አባታቸውን፣ አያታቸውን እያሉ ሳያመነቱ እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩልኝ፤ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ስም ተራ በተራ ወረደ። ሰባቱንም ጻፍኩ። የኮምፒውተሩ ልጅ ወረቀቱን ተቀብሎ መሣሪያው ላይ አስተኛው።

«አባባ፣ የሚላከው የፊቱ ገጽ ብቻ ነው» አላቸው።

«ግድ የለህም፣ ሁለቱንም አንሳው» አሉት።