ተጨማሪ መረጃ፦ ላብና ኤሌክትሪክ

የድሬዳዋ አካባቢዋ ጀልዴሳ ቆላ ናት። በቀትር ምሰሶ ላይ የወጣ የድሬዳዋ መስመር ሠራተኛ እጁ በጎማ ጓንቱ ውስጥ በላብ ይርሳል፤ ለአፍታ ማውለቅ ቢያምረው አይፈረድበትም። አደጋው ግን እዚያ ላይ ነው።

ሬዚስታንስ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የመግታት አቅም፣ በደረቅ ቆዳ ከፍ ይላል፤ ጨዋማው ላብ ያወርደዋል። የኦምን ሕግ አስታውሱ፦ ለስሌት ያህል፣ በ220 ቮልትና በ10,000 ኦም 22 ሚሊአምፔር ያልፋል፤ በ1,000 ኦም ግን 220። የልብን ምት ለማዛባት ወደ 100 ሚሊአምፔር ይበቃል። የኤሌክትሪክ ቃጠሎም አታላይ ነው፤ ላይ ላዩን ትንሽ ቁስል፣ ውስጡ የተቃጠለ ጡንቻ። በ15,000 ቮልት መስመር ላይማ ደረቅ ቆዳም አያድንም።

መምህራችሁ ባሉበት የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች በደረቅ፣ ከዚያም በጨው ውሃ በራሰ ጣት ይዛችሁ ኦሙን አነጻጽሩ።