ከብዕር በፊት ሐሳብ
ልጆቻችንና የእንግሊዝኛ ድርሰት ፈተና

የፈተና ሰሞን በደረሰ ቁጥር ከወላጆች ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አለ። «ልጄ የእንግሊዝኛ ሰዋስው ያውቃል፤ ቃላትም ይዟል። ድርሰት ጻፍ ሲባል ውጤቱ የሚወርደው ለምንድን ነው?» የሚል ነው። በዛሬው ጽሑፋችን ከክፍል ልምዳችን በመነሣት መልስ ለመስጠት እንሞክራለን።

ጉዳዩ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወሰነ። ስለዚህ በእንግሊዝኛ መጻፍ ያልቻለ ተማሪ ጉዳቱ በአንድ ትምህርት ብቻ አይወሰንም፤ የሚያውቀውን የታሪክና የሥነ ሕይወት መልስም በወረቀት ላይ ማስፈር ያቅተዋል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በምርጫ የሚመለስ በመሆኑም ብዙዎች መጻፍን ችላ ይላሉ። ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሐሳባቸውን በአንቀጽ እንዲያብራሩ ሲጠየቁ ግን ብዕሩ ይከብዳቸዋል።

ጥያቄው ምን ይላል?

የብዙ ተማሪዎች ችግር የሚጀምረው ከሰዋስው ሳይሆን ከጥያቄው ነው። «የገጠርና የከተማ ኑሮን አወዳድር» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ከተማ ብቻ ጽፎ ይወጣል። እንግሊዝኛው ያማረ ቢሆን እንኳ የተጠየቀውን አልመለሰም። ስለዚህ ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ በጥያቄው ውስጥ ያለውን ትእዛዝ ያስምርበት፦ አወዳድር ነው? ግለጽ ነው? ወይስ ሐሳብህን በምክንያት ደግፍ ነው?

አንዳንዶችም ሙሉ ድርሰት ሸምድደው ይመጡና የተጠየቀው ምንም ይሁን ምን ያንኑ ይገለብጣሉ። ቁርኣን ሲሐፈዝ አንድ ፊደል እንኳ አይለወጥም፤ የፈተና ጥያቄ ግን ይለዋወጣል። በቃል መያዝ ያለበት ሙሉ ድርሰት ሳይሆን መሣሪያው ነው፦ ሥርዓት የማይከተሉ ግሶች፣ እንደ «ፎር ኢግዛምፕል» እና «ኦን ዘ አዘር ሃንድ» ያሉ አያያዥ ሐረጎች፣ የቃላት አጻጻፍ።

ለውጭ ትምህርት ዕድል ብዙዎች የሚወስዱት አይኤልትስ የተባለው ዓለም አቀፍ ፈተና ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። በረዥሙ ድርሰት 40 ደቂቃ ያህል ውስጥ ቢያንስ 250 ቃላት መጻፍ ይጠበቃል። ነጥብ የሚሰጠውም በአራት መለኪያዎች እኩል ተከፍሎ ነው፦ ጥያቄውን መመለስ፣ የሐሳብ ቅደም ተከተልና ትስስር፣ የቃላት ሀብት፣ ሰዋስው። እንግዲህ ልብ እንበል! ተማሪዎቻችን ሌሊቱን ሙሉ የሚጨነቁበት ሰዋስው ከአራቱ አንዱ ብቻ ነው።

አምስት ደቂቃ ለሐሳብ

40 ደቂቃ ከተሰጠ የመጀመሪያው 5 ደቂቃ ለማሰብ፣ 30ው ለመጻፍ፣ የመጨረሻው 5 ደቂቃ ለማረም ቢመደብ መልካም ነው። በመጀመሪያው 5 ደቂቃ በእንግሊዝኛ ማሰብ ግዴታ አይደለም። በአማርኛም ሆነ በኦሮምኛ ወይም በስልጢኛ፣ ልጁ በሚቀናው ቋንቋ ሦስት ነጥቦችን በወረቀቱ ጥግ ይጻፍ። ለገጠርና ለከተማው ጥያቄ «ወጪ፣ ትምህርት ቤት፣ ጎረቤት» ቢል በቂ ነው። ከዚያ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ አንቀጽ ይሆናል። የአንቀጹ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ዋናውን ሐሳብ ይናገራል፤ የሚከተሉት ሁለትና ሦስቱ ምክንያትና ምሳሌ ያቀርባሉ። ስለ ወጪ ሲጽፍ የገጠሩን ብቻ ሳይሆን የከተማውንም ያንሣ፤ ማወዳደር ማለት ይኸው ነው። በአንድ አንቀጽ ሁለት ዋና ሐሳብ መጨመቅ አንባቢውን ያደናግራል።

ከቋንቋችን የሚመጡ ስህተቶች

በማረሚያው 5 ደቂቃ ተማሪው ሁሉንም ስህተት ለማደን ከሚሞክር የተለመዱትን ሦስት ይፈልግ።

አንደኛው «ምንም እንኳ… ነገር ግን» ከሚለው አነጋገራችን ይመጣል። «ኦልዞው» ብሎ የጀመረ ዓረፍተ ነገር መሐል ላይ «ባት» አያስፈልገውም፤ ከሁለቱ አንዱ ይበቃል።

ሁለተኛው በአማርኛ «ያነበብኩት መጽሐፍ» ስንል ግሱ መጽሐፉን የሚያመለክት «ት» ይይዛል፤ በዐረብኛም ተመሳሳይ ተውላጠ ስም ይጨመራል። ስለዚህ ልጆቻችን «ዘ ቡክ ዊች አይ ሬድ ኢት» ብለው ይጽፋሉ። በእንግሊዝኛ የመጨረሻው «ኢት» ይወጣል።

ሦስተኛው ትናንት የሆነውን ሲተርኩ ከኃላፊ ጊዜ ጀምረው ሳያውቁት ወደ አሁን ጊዜ መሻገር ነው። ግሶቹን ብቻ ከላይ እስከ ታች በጣት እየነኩ ማንበብ ይህን ያጋልጣል።

ከመድረሳው የምንወስደው

መድረሳ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል፤ ደረሳ ኡስታዙ ፊት ቀርቦ ይቀራል፣ ይታረማል፣ ያንኑ ቦታ ደግሞ ይቀራል። ሳያቃናው ወደሚቀጥለው አያልፍም። በትምህርት ቤት ግን የታረመ ድርሰት ሲመለስ ተማሪው ነጥቡን አይቶ ደብተሩን ያጥፋል። መምህሩ በቀይ ያሰመረበትን ይዞ ያንኑ ድርሰት በማግሥቱ እንደገና ቢጽፍ፣ አዲስ አምስት ድርሰት ከመጻፍ የበለጠ ይማርበታል ብለን እናምናለን። ትልቁ ለውጥ የሚመጣው ከዚህ ልማድ ነው።

የወላጅ ድርሻ

«እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ምን ላግዘው?» የምትሉ አባቶችና እናቶች፣ እርዳታችሁ እጅግ ያስፈልጋል። በሳምንት አንድ ቀን፣ ከዒሻ ሶላት በኋላም ቢሆን፣ ልጃችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡና በቤታችሁ ቋንቋ ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ምን ተባልክ? ምን ልትል አስበሃል? ለምን? ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አጥርቶ ማስረዳት ካልቻለ በእንግሊዝኛም አይችልም። ካስረዳ ግን ግማሹ መንገድ ተሄዷል፤ የቀረው ቃሉን ማግኘት ነው። ጥያቄው ለሴት ልጃችሁም ይድረስ፤ እሷ ማጀት ስትባል ወንዱ ብቻ ደብተር ይዞ እንዳይቀመጥ።

ከፈተናው በፊት ስምንት ሳምንት ቢቀር ስምንት ድርሰት፣ ስምንት እርማት፣ ስምንት ድጋሚ መጻፍ ይቻላል። ወጪው ደብተርና ብዕር ነው። አላህ ለልጆቻችን ጠቃሚ ዕውቀትን ይለግሳቸው፤ እኛንም በትዕግሥት የምናዳምጣቸው ያድርገን።