ሰንጋው የብዙ ሰው፣ ወረቀቱ የአንድ ሰው፦ ሞያሌ ላይ ግብሩ በማን ስም ይቆጠራል?

ከዱቡሉቅ ወይም ከያቤሎ ገበያ ተሰብስቦ ወደ ሞያሌ የሚሄድ መንጋ ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። አብዛኛው የነጋዴው ይሆናል። የተወሰነው የወንድሙ፣ አምስት ስድስቱ የአማቹ፣ ሁለቱ ደግሞ ሚስቱ ከወተት ሽያጭ አጠራቅማ የገዛቻቸው ናቸው። የጤና ምስክር ወረቀቱና መሸኛው ግን በአንድ ሰው ስም ይወጣል። ኢሲዮሎ ወይም ናይሮቢ ሲሸጥ ገንዘቡ የሚገባው ያው አንድ ሰው ስልክ ወይም ባንክ ሂሳብ ላይ ነው። ሰውየው ተመልሶ ለየባለቤቱ ያካፍላል፤ ሂሳቡ በቃል ይዘጋል።

በቤተሰብ መካከል ይህ አሠራር ችግር የለውም። ችግሩ የሚመጣው ግብር ሰብሳቢው ሲጠይቅ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ስም አንድ ስለሆነ ሽያጩ ሁሉ የእሱ ተደርጎ ይቆጠራል። ባለፉት ዓመታት በሁለቱም አገሮች የወጡት ሕጎች አነስተኛ ነጋዴዎችን በትርፍ ሳይሆን በሽያጭ ላይ ወደ ማስከፈል ስላዘነበሉ፣ በስማችን የሚያልፈው የሌላ ሰው ከብት ዋጋው እየጨመረ መጥቷል።

ቤተሰብ ግብር ከፋይ አይደለም

ከመሠረቱ እንጀምር። በኢትዮጵያ የገቢ ግብር የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 979/2008 እና በማሻሻያው በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ነው። ሕጉ የሚያውቀው ግለሰብንና ድርጅትን ነው። ባልና ሚስት በአንድነት የሚያቀርቡት የጋራ የግብር ማስታወቂያ የለም። ሚስት በራሷ ስም ብትነግድ የራሷ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይኖራታል፤ ግብሯም ለብቻው ይሰላል። በኬንያም ፒን የሚሰጠው ለእያንዳንዱ ሰው ነው። በየዓመቱ እስከ ጁን 30 ድረስ በአይታክስ የሚገባው ማስታወቂያም በዚያ ሰው ፒን የሚቀርብ ነው። አንድ ግለሰብ ቢያዘገይ ቅጣቱ 2,000 ሽልንግ ወይም ከሚከፍለው ግብር 5 በመቶ ነው፤ የሚወሰደው የሚበልጠው ነው። ፒን አውጥቶ ዓመቱን ሙሉ ምንም ያልሠራ ሰው እንኳ «ገቢ የለኝም» ብሎ ማስታወቅ አለበት። ለዘመድ ተብሎ የወጣ ፒን ተረስቶ የሚያስቀጣው በዚህ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ሲሠራበት ግን እምብዛም አይታይም። የንግድ ፈቃድን ለወንድም ማዋስ ደግነት ብቻ አይደለም፤ የወንድምን ግብር መሸከም ነው። የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819/2006 ከወጣ ጀምሮ በኢትዮጵያ የቁም ከብት ነጋዴ ፈቃድ ሊኖረው ይገባል። ፈቃድ ለማውጣት የሚያስቸግረው ሰው በሌላው ፈቃድ ሲሠራ ይታያል። ከሁለት ዓመት በኋላ የግብር ውሳኔው ሲመጣ ወንድምየው ከብቱን ሸጦ ሌላ ሥራ ጀምሯል፤ ባለፈቃዱ ግን ፈቃዱን ሊያሳድስ ሄዶ «መጀመሪያ ዕዳህን ጨርስ» ይባላል።

በአነስተኛ የድንበር ንግድ ፈቃድ የሚሠሩም አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ያ ፈቃድ የጉምሩክና የውጭ ምንዛሪ ጉዳይ ነው፤ ከገቢ ግብር ነፃ የመሆን ወረቀት አይደለም።

ቤትዎ በየትኛው ሞያሌ ነው?

ሁለተኛው ጥያቄ የነዋሪነት ነው። ሞያሌ ላይ ብዙ ሰው በሁለቱም በኩል ቤት ስላለው ይህን ቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

በኢትዮጵያ ሕግ ቋሚ መኖሪያው በኢትዮጵያ የሆነ፣ ወይም በአንድ ዓመት ውስጥ በተከታታይም ሆነ በመመላለስ ከ183 ቀናት በላይ በአገሪቱ የቆየ ሰው ነዋሪ ነው። ነዋሪ የሆነ ሰው በውጭ ያገኘውም ገቢ ይቆጠርበታል። ስለዚህ ናይሮቢ ላይ የተገኘው ትርፍ «የኬንያ ነው» ተብሎ ከኢትዮጵያ ማስታወቂያ ሊቀር አይችልም። በኬንያ ደግሞ ቋሚ ቤት ያለው ሰው በዓመቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ እዚያ ከተገኘ ነዋሪ ይሆናል። ቤት የሌለው ሰው በዓመቱ 183 ቀናት ከቆየ፣ ወይም በዚያ ዓመትና ከእሱ በፊት በነበሩት ሁለት ዓመታት ተገኝቶ የቆየባቸው ቀናት በአማካይ በዓመት ከ122 ከበለጡ እንደ ነዋሪ ይታያል።

አንዷን ሚስቱን በኢትዮጵያው ሞያሌ፣ ሌላዋን በኬንያው ሞያሌ ያኖረ ነጋዴ እንግዲህ የሁለቱም ነዋሪ ሊሆን ይችላል። የኢትዮጵያ ሕግ በውጭ አገር የተከፈለውን ግብር ከራሱ ግብር ላይ ይቀንሳል። የሚቀነሰው ግን በዚያ ገቢ ላይ ኢትዮጵያ ከምትጠይቀው ሳይበልጥ ነው፤ ማስረጃም ያስፈልጋል። የኬንያን የክፍያ ደረሰኝ ይዞ ያልመጣ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል። በደላላው ፒን ከተከፈለማ ደረሰኙ ቢኖርም የእርስዎ አይደለም።

በሽያጭ ላይ ወይስ በትርፍ ላይ?

ትልቁ ገንዘብ ያለው እዚህ ላይ ነው። የከብት ንግድ ብዙ ሽያጭ፣ ጥቂት ትርፍ ያለው ሥራ መሆኑን ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። በ50,000 የተሸጠ ሰንጋ ላይ ግዥው፣ መኖው፣ ጭነቱ፣ እረኛውና ደላላው ከወጣ በኋላ 2,500 ከቀረ ደህና ቀን ነው። በሽያጭ ላይ የሚጣል ግብር ግን ይህን አያይም።

የኬንያን ምሳሌ በቁጥር እንየው። ዓመታዊ ሽያጩ ከ1 ሚሊዮን በላይ እስከ 25 ሚሊዮን ሽልንግ የሆነ ነዋሪ ነጋዴ በሽያጩ ላይ 3 በመቶ ይከፍላል። ክፍያው በየወሩ ነው፤ የአንድ ወር እስከ ቀጣዩ ወር 20 ድረስ። ወጪ አይቀነስም። አንድ ነጋዴ በዓመት 200 ሰንጋ እያንዳንዱን በ50,000 ሸጠ እንበል። ሽያጩ 10 ሚሊዮን፣ ግብሩ 300,000 ሽልንግ ነው። ትርፉ ከሽያጩ 5 በመቶ ከሆነ ያገኘው 500,000 ነው። ከትርፉ ከግማሽ በላይ ሄደ ማለት ነው።

ሕጉ ግን በር ትቷል። ነጋዴው ለገቢዎች ባለሥልጣኑ በጽሑፍ አሳውቆ ከዚህ ሥርዓት ወጥቶ በትርፉ ላይ ለመክፈል መምረጥ ይችላል። ያን ጊዜ ስሌቱ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው 288,000 ላይ 10 በመቶ 28,800፣ በቀጣዩ 100,000 ላይ 25 በመቶ 25,000፣ በቀሪው 112,000 ላይ 30 በመቶ 33,600፤ ድምሩ 87,400። ከዚህ ላይ እያንዳንዱ ነዋሪ የሚያገኘው የዓመት ቅናሽ 28,800 ሲነሳ የሚከፈለው 58,600 ሽልንግ ይሆናል። ልዩነቱ 241,400 ነው፤ በምሳሌያችን ዋጋ አምስት ሰንጋ ሊገዛ ምንም አይቀረው። በዚህ የሽያጭ መጠን የ3 በመቶው መንገድ የሚያዋጣው ትርፉ ከሽያጩ 13 በመቶ ገደማ ሲያልፍ ነው። ያን ያህል የሚያተርፍ የሰንጋ ነጋዴ ካለ እሰየው።

አሁን ወደ ቤተሰቡ ከብት እንመለስ። ከ200ዎቹ ሰንጋዎች 80ዎቹ የወንድሙና የአማቹ ከነበሩ፣ ነጋዴው በሰው 4 ሚሊዮን ሽልንግ ሽያጭ ላይ 120,000 ሽልንግ ግብር ከኪሱ ይከፍላል። እነሱ ደግሞ ድርሻቸውን ሙሉ ወስደዋል። በኢትዮጵያ በኩልም ተመሳሳይ ነገር አለ። በአዋጅ 1395/2017 መሠረት የግብር ከፋይ ደረጃዎች ሁለት ሆነዋል፤ ወሰኑ 2 ሚሊዮን ብር ዓመታዊ ሽያጭ ነው። ከዚያ በታች ያለው በሽያጩ ላይ ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ ያለው የሂሳብ መዝገብ ይዞ በትርፉ ላይ ይከፍላል። ይህም ቢሆን ግብሩ ከሽያጩ 2.5 በመቶ እንዳያንስ ወለል ተቀምጧል። በራሱ ከብት ቢሆን ከወሰኑ በታች የሚቀር ሰው በዘመድ ከብት ምክንያት ወደ ደረጃ ሀ ሊወጣ ይችላል።

ስለዚህ የእያንዳንዱ ከብት ባለቤት ከመጫኑ በፊት በወረቀት ይታወቅ። ረጅም ውል አያስፈልግም። የከብቱ ብዛት፣ ቀለምና ምልክት፣ የባለቤቱ ስምና መለያ ቁጥር፣ «በአደራ የሚሸጥልኝ» የሚል ቃልና የሁለት ምስክር ፊርማ ይበቃል። ገንዘቡም ሲከፋፈል በባንክ ወይም በስልክ ወደ ባለቤቱ ስም ይተላለፍ። በእጅ የተሰጠ ብር ከጥቂት ወራት በኋላ ምስክር የለውም። ለዚህ ድካም ነጋዴው ኮሚሽን ከወሰደ ደግሞ የእሱ ገቢ ያ ኮሚሽን ነው።

አርብቶ አደሩ ደረሰኝ አይሰጥም

በትርፍ ላይ እከፍላለሁ ያለ ሰው ግዥውን ማስረዳት አለበት። እዚህ ላይ ነው ብዙው የሚወድቀው። ከሸማኔ ወይም ከፋብሪካ አይደለም የሚገዛው፤ ከብቱን የሚሸጥለት ደረሰኝ የሌለው አርብቶ አደር ነው። ኬንያ ይህን ችግር በ2024 በወጣው ማሻሻያ በከፊል ፈትታዋለች። ዓመታዊ ሽያጩ ከ5 ሚሊዮን ሽልንግ ከማይበልጥ አነስተኛ ሻጭ ሲገዛ፣ ገዢው ራሱ በኢ-ቲምስ ደረሰኙን ያወጣለታል። በኢትዮጵያ በኩል ደረሰኝ ከማይሰጥ ሻጭ ለሚገዛ ነጋዴ የግዥ ቫውቸር አለ። ታዲያ ቫውቸሩ በግብር መሥሪያ ቤቱ ፈቃድ የታተመ መሆን አለበት፤ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የተገዛ ጥራዝ አያገለግልም። የሻጩን ስም፣ ቀበሌና የመታወቂያ ቁጥር ገበያው ላይ ሳሉ ይሙሉት፤ ቤት ተመልሰው በግምት የሞሉት ቫውቸር ሲመረመር ያስታውቃል።

ወጪን ከቤት ወጪ መለየትም አለ። ለሠርግ የታረደው ወይፈን፣ ለጥሎሽ የተሰጠው ግመል፣ የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ የንግድ ወጪ አይደሉም፤ ከመንጋው ወጥተው ለቤት እንደዋሉ ተጽፈው ይለዩ። በመንገድ የሞተ ከብት ግን የንግድ ኪሳራ ነው። የእንስሳት ጤና ባለሙያ በዕለቱ የጻፈው ማረጋገጫ ከሌለ ግን የሞተውን ከተሸጠው የሚለይ ነገር የለም።

እረኛና ነጂም ሊረሱ አይገባም። በኢትዮጵያ የወር ደመወዝ ከ2,000 ብር በላይ ከሆነ ከትርፉ ላይ ግብር ይቀነሳል፤ ቀንሶ የማስገባት ግዴታው የአሠሪው ነው። በኬንያ የወሩ እስከ ቀጣዩ ወር 9 ይገባል። የራስን ልጅ ነጂ አድርጎ ደመወዙን ወጪ ማስያዝ የሚቻለው በእርግጥ ተከፍሎት፣ እንደማንኛውም ሠራተኛ ግብሩ ተቀንሶ ሲገባ ነው። «ልጄ ነው፣ ልብስና ስልክ ገዛሁለት» ወጪ አይሆንም።

የሁለቱ አገሮች ዓመት አለመግጠሙ የመጨረሻው ራስ ምታት ነው። ኬንያ ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ትቆጥራለች፤ የኢትዮጵያ የግብር ዓመት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። የኬንያው ማስታወቂያ ማብቂያ ጁን 30 በእኛ ሰኔ 23 ላይ ይውላል፤ በሳምንቱ የኢትዮጵያው ዓመት ይዘጋል። የደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ለማስታወቅ እስከ ጥቅምት 30 ጊዜ አለው፤ የከብት ቆጠራው ግን ለጥቅምት የሚተው አይደለም። ሰኔ 30 ማታ በማቆያው ያለው፣ በመኪና ላይ ያለው፣ ኬንያ ተሻግሮ በደላላ እጅ ያልተሸጠው ሁሉ በየባለቤቱ ስም ተለይቶ፣ የተገዛበት ዋጋ ከጎኑ ተጽፎ በዚያው ዕለት ይያዝ።