ቤዝ ጊታር የሚማር ልጅ በጣቱ ይደርድር ወይስ በመግረፊያ ይምታ?

ሙዚቃ የልጅን ጆሮ ያቀናል፤ ጣቱን ያፍታታል፤ ከኹሉም ይልቅ ትዕግሥትን ያስተምራል። ስለዚህ ልጃቸው የሙዚቃ መሣሪያ ልማር ብሎ ሲጠይቃቸው የማይደሰቱ ወላጆች ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን መሣሪያው ከተገዛ በኋላ ቤተ ሰብን የሚያከራክር አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ ይኸውም ባለ አራት አውታሩ ቤዝ ጊታር የሚያምረው በጣት ሲደረደር ነው ወይስ ፒክ በሚባለው ትንሽ መግረፊያ ሲመታ ነው የሚለው ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን በየቀኑ «ይህ አያያዝ ትክክል አይደለም» እየተባለ የሚገሠጽ ልጅ መሣሪያውን በቤቱ ጥግ አስደግፎ ሊተወው ስለሚችል፥ ወላጆች አስቀድመው ሊያስቡበት ይገባል።

ይህ ክርክር ከጊታር ጋራ ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም። ቋንቋችን ኹለቱን አሠራር ለይቶ ሲያውቅ ኖሯል፤ አውታሩ በጣት ሲነካ «ተደረደረ»፥ በመግረፊያ ሲመታ «ተገረፈ» ይላልና። ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ አውታሮቹን በአንድነት ይመታል፤ የግራ እጅ ጣቶች ደግሞ እንዲሰማ የማይፈለገውን አውታር ይዘው ዝም ያሰኙታል። ሲደረደር ግን ዜማው አንድ ባንድ ተለይቶ ይወጣል። ዐሥር አውታር ያለው በገናም በጣትም በመግረፊያም ሲመታ የኖረ ሲኾን፥ በገና በማስተማር ስማቸው የታወቀው አቶ ዓለሙ አጋ በጣት ከሚደረድሩት ወገን ናቸው። ዛሬም በባህል የሙዚቃ ቡድኖች ውስጥ ወፍራሙን ድምፅ የሚሰጥ ቤዝ ክራር የሚባል መሣሪያ ስላለ፥ ጥያቄው ከአገራችን መሣሪያ የራቀ አይደለም።

ቤዝ ጊታርን በሰፊው ለገበያ ያቀረበው ሊዮ ፌንደር የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ ጊዜውም በአውሮጳውያን አቈጣጠር 1951 ዓመተ ምሕረት ነበረ። ከዚያ በፊት ይህን ሥራ ይበልጡን የሚሠራው ተቁሞ የሚመታው ትልቁ ኮንትራባስ ነበር። ስለዚህ ወደ አዲሱ መሣሪያ ሰዎች በኹለት መንገድ መጡ። ከኮንትራባስ የተሻገሩት የጣት ልማዳቸውን ይዘው መጡ፤ ከጊታር የተሻገሩት ፒካቸውን ይዘው መጡ። ዴትሮይት በምትባለው ከተማ በሞታውን ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጄምስ ጀመርሰን ከኮንትራባስ መጥቶ በአንድ አመልካች ጣት ብቻ ይመታ ነበር። ካሮል ኬይ የተባለችው ሴት ደግሞ የጊታር ባለሙያ ስትኾን፥ በ1963 ወደ ቤዝ ተሻግራ በፒክ እጅግ ብዙ የሸክላ ሥራ ሠርታለች። ኹለቱም ዛሬ የሙያው መምህራን ተብለው ይጠቀሳሉ። በአገራችንም የዋልያስ ባንዱን መላከ ገብሬንና የሮሃ ባንዱን ጆቫኒ ሪኮን ሥራ በካሴት በፍቅር ከሰማው ሕዝብ መካከል፥ አውታሩን ምን እንደ ነካው የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

የድምፁ ልዩነት ግን እውነተኛ ነው፤ ምክንያቱም አለው። ፒክ ጠንካራና ጠባብ ስለ ኾነ አውታሩን ባንድ ነጥብ ይለቀዋል፤ ድምፁም ጥርት ብሎ ይነሣል፥ ከዋናው ድምፅ በላይ ያሉት ቀጫጭን ድምፆችም ጐልተው ይሰማሉ። የጣት ሥጋ ለስላሳና ሰፊ ስለ ኾነ እነዚያን ቀጫጭኖች ያለዝባቸዋል፤ ድምፁም ሞላ ያለ ይኾናል። እጁ አውታሮቹ ወደሚያርፉበት በርኩማ ሲጠጋ ድምፁ ይሾላል፤ ሲርቅ ይለሰልሳል። እንግዲህ ለዝግተኛ ትዝታ ጣት፥ ለፈጣን ጭፈራ ፒክ ብዙ ጊዜ ይስማማሉ፤ ነገር ግን ይህ የጆሮ ምርጫ እንጂ ሕግ አይደለም።

የመኖሪያው ኹኔታም ከዚህ ጋራ የተያያዘ ነው። በአዲስ አበባ በልደታ አሮጌዎቹ ቤቶች ፈርሰው በ2000ዎቹ ዓመተ ምሕረት ፎቅ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ተሠርተዋል። በእንዲህ ያለው ቤት የአንዱ ጣሪያ የሌላው ወለል ነው። የቤዝ ወፍራሙ አውታር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ እንዲህ ያለው ዝቅተኛ ድምፅም ከቀጭኑ ይልቅ ግድግዳን ዘልቆ ያልፋል። ጎረቤት የሚሰማው ዜማውን ሳይኾን ድብደባውን ብቻ ነው። ብዙ ወላጆች ይህን ፈርተው ልጁ ያለ ድምፅ ማጉያ እንዲለማመድ ያዝዛሉ፤ ነገር ግን የራሱን ድምፅ በደንብ ያልሰማ ልጅ በጣትም ኾነ በፒክ ከልክ በላይ በኀይል እየመታ እጁን ያደክማል። የሚሻለው በጆሮ ማዳመጫ እያዳመጠ በቀስታ እንዲመታ ማድረግ ነው። በማጉያ የሚለማመድበትንም ሰዓት፥ የግንቦት ልደታን ንፍሮ አብሮ ከሚቀምስ ጎረቤት ጋራ ተነጋግሮ መወሰን አያስቸግርም።

ለወላጆች የምንሰጠው ምክር ይህ ነው።

አንደኛ፥ ልጁ በጣት ቢዠምር መልካም ነው፤ አመልካችና መካከለኛ ጣቱን እያፈራረቀ ይምታ። በመዠመሪያዎቹ ሳምንታት የጣቱ ጫፍ ውሃ ቢቋጥር እስኪደርቅ ይረፍ፤ ቆዳው በኋላ ይጠነክራል።

ኹለተኛ፥ ጣቱ ጊዜ መጠበቅን ከለመደ በኋላ ፒክን ይማር። ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ያህል የኾነውን በአውራ ጣቱና በአመልካች ጣቱ ጎን መካከል ይዞ፥ አንጓውን ሳያደርቅ ወደ ታችና ወደ ላይ ይምታ።

ሦስተኛ፥ በኹለቱም አሠራር የማይፈለገውን አውታር ዝም ማሰኘትን ይማር፤ ይህም የክራር ገራፊ የግራ እጅ ጥበብ ነው።

አራተኛ፥ አንጓው ቢያመው ወይም ጣቱ ቢደነዝዝ ወዲያውኑ ያቁም፤ ሕመሙ ካልተወው ለሐኪም ይታይ።

ቤዝ ራሱን ለማሳየት ሳይኾን ዘፋኙንና ከበሮውን ለመደገፍ የተሠራ መሣሪያ ነው። ስለዚህ አባትና እናት ልጃቸውን «በምን መታኸው?» ብለው ከመጠየቅ ይልቅ «ዘፋኙን ደገፍኸው ወይ?» ብለው ቢጠይቁት፥ ልጁም ሙያውን ይወዳል፤ ቤቱም ከክርክር ያርፋል።