ጊዜው ያለፈበት የዶሜይን ስምና የሚወረሰው አመኔታ

የዶሜይን ስም ለተወሰነ ጊዜ በክፍያ የሚያዝ እንጂ ለዘለቄታው የሚገዛ ንብረት አይደለም። በዶት ኮም ዘርፍ ያልታደሰ ስም ከተሰረዘ በኋላ ለቀድሞው ባለቤት የ30 ቀን የማስመለሻ ጊዜ ይሰጠዋል፤ ከዚያም 5 ቀን ቆይቶ ለማንኛውም ፈላጊ ክፍት ይሆናል።

ስሙ ወደ ሌላ እጅ ሲገባ ግን ከሌሎች ድረ ገጾች ወደ እርሱ የሚያመሩት ሊንኮች በነበሩበት ይቆያሉ። ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በ1998 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ፔጅራንክ የተሰኘው ስሌት ሊንክን እንደ ምስክርነት ይቆጥራል። አሮጌ ስም የሚገዙ ሰዎች የሚሹትም ይህንኑ ለሌላ የተሰጠ ምስክርነት ነው።

ጉግል በማርች 2024 እ.ኤ.አ. ድርጊቱን የሚከለክል ደንብ አውጥቷል። የተከለከለው ግዢው ራሱ ሳይሆን የፍለጋ ደረጃን ለማዛባት ሲባል ለአንባቢ እምብዛም ፋይዳ የሌለው ይዘት በስሙ ማውጣት ነው፤ ለምሳሌ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በነበረ አድራሻ ቁማር ማስተዋወቅ።

ጉዳዩ የምርምር ተቋማትንም ይመለከታል። አንድ ፕሮጀክት ተጠናቅቆ ስሙ ሳይታደስ ከቀረ፣ በመመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ የተጠቀሰው አድራሻ አንባቢውን ወደማይታወቅ ባለቤት ሊመራው ይችላል። ስለሆነም የፕሮጀክት መዝጊያ ዕቅድ የስሙን ቀጣይ ባለቤትነት ሊወስን ይገባል።